በቆሎ፦ ምትክ ወይስ ምራቂ?

አንድ ወዳጄ «በቆሎ ያከሳል» የሚል ወሬ ሰምቶ በየቀኑ ሁለት እሸት ጥብስ መብላት ጀመረ። ምሳውም እራቱም ግን አልቀሩም። ከወር በኋላ ቀበቶው አልደርስ አለው። በበቆሎው ተናደደ፤ እኔ ግን በበቆሎው አልፈርድም።

በነሐሴ ወለጋ፣ ቢላ የገባ ሰው የእሸቱ ሽታ ከመኪና ሳይወርድ ይቀበለዋል። ከሰሉ ላይ ፍሬው ይንጣጣል፤ ሻጯ እያገላበጠች በራሱ ልጣጭ ጠቅልላ ትሰጣለች። እዚያ ስለ መክሳት የሚያወራ የለም። እሸት ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት ቀድሞ የሚደርስ እህል ነው፤ ረሃብን ያስታግሳል። በጣት እየፈለፈሉ እስከ ቆረቆንዳው ለመድረስም ጊዜ ይፈጃል፤ ቀስ ብሎ የበላ ደግሞ መጥገቡን ቶሎ ያውቃል።

100 ግራም ቅቅል እሸት ወደ 96 ካሎሪ ብቻ አለው፤ አብዛኛው ውሃ ነው፣ አሰርም አያጣም። በገንፎው መሀል የምናፈሰው ቅቤ ግን አንዷ የሾርባ ማንኪያ ብቻዋን ከ100 ካሎሪ ታልፋለች። እንግዲህ የሚያወፍረው የቱ ነው?

በቆሎ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉት የፕሮቲን ክፍሎች ያንሱታል፤ ብቻውን ቀለብ ሲሆን በተለይ ልጆችን ይጎዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የባኮ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ቢኤችኪውፒ 542 የተባለ ዝርያ ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ነበር። እናቶቻችን ግን ላይሲንን በስሙ ሳያውቁት በቆሎን ከባቄላ ወይም ከቦሎቄ ጋር ቀቅለው ንፍሮ ያቀርቡልን ነበር። ለበቆሎ የጎደለውን ባቄላ ይሞላዋል።

ስለዚህ ወዳጄ፣ በቆሎ የሚጠቅምህ የሌላ ምግብ ምትክ ሲሆን ነው። እራትህን ከበላህ በኋላ የምታስከትለው እሸት ምራቂ ነው፤ ምራቂ ደግሞ አያከሳም። ዛሬ ማታ አንድ ሳህን የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ብላ፤ እንጀራው ለነገ ይደር።