አክሲዮን ልትገዛ ነው? ፐርሰንቱን ብቻ አትይ!

ወገን! የባንክ አክሲዮን ልግዛ ብሎ የተነሳ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው «አምና ስንት ፐርሰንት ከፈሉ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ጎዶሎ ነው። ፐርሰንቱ የሚሰላው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ እንጂ አንተ በከፈልከው አይደለም። የ1,000 ብሩን አክሲዮን በ1,500 ብር ከገዛኸው፣ «30 ፐርሰንት» የተባለልህ 300 ብር ላንተ 20 ፐርሰንት ብቻ ነው። ያውም ግብሩ ሳይነሳለት! ኑሮ ውድነቱን ደግሞ ራስህ አስላው።

ደሞስ ብሩ እጅህ ይገባል ወይ? ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ካደረገ ወዲህ፣ ትርፉ ወደ ካፒታል ይዙር የሚል የጉባኤ ውሳኔ ተለምዷል። አክሲዮንህ ይበዛል፤ ለልጅህ ከሆነ እሰየው። የቤት ኪራይ ግን በአክሲዮን አይከፈልም።

ስለዚህ የአምስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት አምጡ በል። ትርፉ የመጣው ከዘወትር ሥራ ነው ወይስ ሐምሌ 2016 ከተደረገው የምንዛሪ ለውጥ? ባንኩ ስንት የተበላሸ ብድር ተሸክሟል? መሸጥ ቢያስፈልግህስ ገዢ ታገኛለህ? ጥር 2017 በተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተመዘገቡት፣ ከመጀመሪያው ከወጋገን ባንክ ጀምሮ፣ ሒሳባቸውን ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ አለባቸው። ንባብህን ከእነሱ ጀምር።