መፀውን በስሙ እንጥራው

የመስከረም ወር በገባ ቁጥር በየንግግሩና በየጽሑፉ «የፀደይ ወራት መጣ» ሲባል እንሰማለን። አደይ አበባ ስለ ፈካና ሰማዩ ስለ ጠራ ብቻ፣ በውጭ አገር መጽሐፍ የተማርነውን የአበባ ወራት ስም ለመስከረም ሰጠነው። ይሁን እንጂ በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። ክረምት መስከረም 25 ቀን አብቅቶ በማግስቱ የሚገባው መፀው ነው፤ እርሱም እስከ ታኅሣሥ 25 ይቆያል። ባላገሩም ይህን የዝናብ ማብቂያና የእሸት መግቢያ ጊዜ ጥቢ ይለዋል።

ይህ የስም ክርክር ነው የሚለን ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ከዚያ ያለፈ ነገር አለበት እንላለን። ፀደይ ያለ ሰው አበባ ያያል፤ መፀው ያለ ሰው እሸት ይጠብቃል። ለዚህም የቆቦን ሜዳ ምስክር አድርገን እናቀርባለን።

የቆቦ ሜዳ በምሥራቅ በዞብል ተራራ፣ በምዕራብ በላስታ ከፍታ የታቀፈ ቆላ ነው። ዝናቡ አይታመንም። ስለዚህ ገበሬው በማሳው ላይ የሚጥለውን ብቻ ሳይጠብቅ፣ ከምዕራቡ ተራራ በጎሊናና በሆርማት ወንዞች የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ እየጠለፈ ወደ እርሻው ይመልሰዋል። ጎርፉም ውሃውን ከደለሉ ጋር ያመጣለታል። በሚያዝያ የተዘራው ማሽላ እንዲህ ሆኖ ክረምቱን ይሻገርና፣ መፀው ሲገባ ራሱን አውጥቶ ፍሬ ይይዛል።

የወራቱም ደስታ ከዚሁ የሚመጣ ነው። የነሐሴው የልጃገረዶች ጨዋታ ሶለል አልፎ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው ሲመጡ ጭቃው ይደርቃል፤ የሞላው ወንዝ ይጎድላል፤ ዘመድ ከዘመድ ይጠያየቃል። ጥንቅሽ ይታኘካል፤ የማሽላ እሸት በፍም ይጠበሳል። በዚያው ሰዓት ግን ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ግሪሳን በወንጭፍ ሲያባርሩ ይውላሉ። በቆቦ የሚደሰተውና የሚጠብቀው አንድ ሰው ነው።

የሚጠብቅበትም ምክንያት አለው። ዝናቡ በነሐሴ አጋማሽ ቢያቋርጥ የማሽላው ራስ ሳይሞላ ይቀራል። በጥቅምት 1977 ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የኮረም ረሀብ የሆነው፣ ከቆቦ በስተ ሰሜን ብዙም ሳይርቅ፣ እሸት በሚበላበት ወር ነው። በቅርቡም በ2013 ጥቅምት አንበጣው የደረሰውን ሰብል በላው። በ2014 እና በ2015 መስከረም ደግሞ ጦርነቱ ቆቦ ላይ ነበር። ሦስት መፀው በተከታታይ እንዲህ አለፈ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሁሉ ቆጥረው፣ «መከራ ባልተለየው አገር ስለ ወራት ማማር መናገር የጠገበ ሰው ሥራ ነው» ይሉናል። በዚህ አንስማማም። ከአንበጣውና ከጦርነቱ በኋላ የቆቦ ገበሬ ዘር ፈልጎ እንደገና የዘራው፣ የእሸቱን ወራት ዳግመኛ ለማየት ተስፋ ስላደረገ ነው። በመስከረም መደሰት የአንድ ዓመት ድካም ፍሬ ማፍራቱን ማየት ነው፤ ይህንንም ደስታ ከገበሬው ይልቅ የሚያውቀው የለም። ይልቁንስ የሚያሳፍረው እኛ ከአበባው ጋር ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ የማሽላው ራስ ሞልቶ እንደሆነ ሳንጠይቅ መመለሳችን ነው።

ስለዚህ በዚህ ወራት ወደየቤታችን ጎራ የምንል ሁሉ አንድ ነገር ጠይቀን እንመለስ። የእርሻ ተማሪው ቶሎ የሚደርስ ዘር ጥሩ ነው ብሎ ከመደምደሙ በፊት፣ ገበሬው ረጅሙን ነባር ማሽላ ለምን እንደማይተው ይጠይቅ፤ አገዳው ለከብቱ መኖ፣ ለምድጃው ማገዶ፣ ለቤቱም መሥሪያ መሆኑን ይሰማል። የኢንጂነሪንግ ተማሪው ኃይለኛ ጎርፍ በመጣ ቁጥር የሚፈርሰውን የአፈር ግድብ ሄዶ ይመልከት። የቋንቋ ተማሪውም ጥቢንና መፀውን ከአዋቂዎች አፍ ይስማና በሚጽፈው ላይ በትክክል ያስገባቸው።

ለአንባቢዎቻችን የእሸት ዘመን እንዲሆን እንመኛለን።