ወላጅን በአይሮፕላን ስለ መሸኘት

አባቶቻችን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሲነሡ፥ በረሓውን በእግር አቋርጠው፥ ባሕሩን በመርከብ ተሻግረው፥ ወራት ቈይተው ይደርሱ ነበር። ዛሬ ግን ከነቀምቴ ወይም ከጊምቢ የመጣች እናት፥ በዋሽንግተን ወይም በሚኒሶታ የሚኖሩ ልጆችዋን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ላይ ከተሳፈረች፥ በማግሥቱ የልጅ ልጆችዋን ታቅፋለች። በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፥ እ.ኤ.አ. በ1998 አትላንቲክን መሻገር ጀመረ።

ይሁን እንጂ መንገዱ ቢያጥርም ሥጋቱ አላጠረም። ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች ትኬቱን ቈርጠው ሲልኩ ግዴታቸውን የፈጸሙ ይመስላቸዋል። እናትን ማክበር ግን ዋጋዋን ከፍሎ እንደ ዕቃ ማስጫን አይደለም፤ መንገዱን አውቃው እንድትሄድ ማድረግ ነው። ይህም የላኪው ብቻ ሳይሆን፥ እዚህ ያለው ልጅ፥ የምራትና የጎረቤትም ሥራ ነው።

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት፥ ትኬት ይዘው «መምህር፥ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» የሚሉ እናቶች አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ከሁሉ አስቀድመን የምንነግራቸው የሰዓቱን ነገር ነው። በትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቈጣጠር ስለ ሆነ፥ 22:30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስተው ቀኑ ነው፤ ፈረንጅ ቀኑን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ነውና፥ «ማክሰኞ 00:30» የሚል ትኬት የያዘ መንገደኛ ቦሌ መገኘት ያለበት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ የሄደ እንደ ሆነ አይሮፕላኑ ካመለጠው ቈይቶአል። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፥ ከደምቢ ዶሎ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ሁለት ቀን አስቀድሞ ገብቶ ማረፍ ይገባል።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመሄጃው አይሮፕላኑ በመንገድ አርፎ ነዳጅ መቅዳቱ የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየርዋ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ያስቸግራል። ስለዚህ ማረፉ ብልሽትም መድረሻም አለመሆኑ አስቀድሞ ይነገራት፤ ዕቃዋን ይዛ እንዳትወርድ። ሲመለሱ ግን ዋሽንግተን ዝቅ ያለ ቦታ ስለ ሆነች፥ በቀጥታ 13 ሰዓት ያህል በርሮ ይገባል።

በአይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር፥ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ሆኖ ይጠበቃል። ይህም ለነቀምቴ ሰው የአገሩ አየር ነውና አያስፈራውም። የሚያስፈራው ለብዙ ሰዓት ሳይነሡ መቀመጥ ነው፤ ደም በእግር ሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ መራመድ፥ ቍርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፥ ውሃም መጠጣት ይገባል። መድኃኒት ያላት እናት መድኃኒቷን በእጅ ቦርሳዋ ትያዝ። ጠበልና ማር ግን ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ መያዝ ስለማይፈቀድ በሻንጣ ይግቡ፤ ቋንጣ ግን ወደ አሜሪካ ማስገባት ክልክል ነው። ጉዞው በጾም ወራት የሆነ እንደ ሆነ፥ የጾም ምግብ ትኬቱ ሲቈረጥ፥ ቢዘገይ ከበረራው አንድ ቀን አስቀድሞ ይታዘዝላት።

ዋሽንግተን ወርዳ ወደ ሚኒያፖሊስ በሌላ አይሮፕላን ስትሻገር፥ አማርኛም ኦሮምኛም የሚሰማ ሰው ላታገኝ ትችላለች። ረጅም መንገድ መራመድ ለሚያዳግታት እናት የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት አስቀድሞ ይጠየቅላት፤ ዋጋ የለውም፥ ወንበሩን የሚገፋውም ሰው እስከሚቀጥለው አይሮፕላን መሪ ይሆናታል። ስምዋን፥ የምትናገረውን ቋንቋ፥ የልጅዋን አድራሻና ስልክ በእንግሊዝኛ የያዘ ወረቀትም በእጅዋ ይሁን።

አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ከደረሱ በኋላ ያለው ነው። ልጅና ምራት ማልደው ሥራ ይሄዳሉ፤ የልጅ ልጆች እንግሊዝኛ እንጂ ሌላ አይናገሩም፤ እናታችን ቡና አፍልታ «ኑ ጠጡ» የምትለው ጎረቤት አጥታ፥ በመስኮት በረዶ ስታይ ትውላለች። ይህን ብቸኝነት ትኬት አያስወግደውም። ስለዚህ ከጉዞው ወራት አስቀድሞ ልጆቹ በየእሑዱ በስልክ ሰላምታ ይማሩ፤ በአያታቸው ቋንቋ ጥቂት ቃል ይያዙ። በሚኒያፖሊስም በዋሽንግተንም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ስላሉ፥ በደረሰች በመጀመሪያው እሑድ ይውሰዱአት፤ ቅዳሴውን በሰማችበት ቦታ እንግድነትዋ ይቀልላታል።

እናት ልጅዋን ትምህርት ቤት በላከችበት ቀን፥ እጁን ይዛ እስከ በር አድርሳዋለች። አሁን ተራው የልጅ ነው። መንገደኞቻችንን በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልስልን።