በሩ ሲዘጋ ማን ይከስራል? የሠራተኞች ዝውውርና አዊ ዞን

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ኮሶበር ላይ ወደ ምዕራብ ይገነጠላል። ግንጣዩ በቻግኒ አልፎ ወደ ግልገል በለስ፣ ከዚያም ወደ ጉባና ወደ ሕዳሴው ግድብ ይዘልቃል። የአዊ ወጣት ለሥራ ሲነሣ ከእነዚህ መንገዶች አንዱን ይይዛል፤ በምዕራቡ መተከልን፣ በሰሜኑ ባሕር ዳርንና የመተማን ሰሊጥ፣ በደቡቡ አዲስ አበባንና ከእርሷ ወዲያ ያለውን የዓረብ አገር።

ጉዳዩ ዛሬ ከወትሮው ይከብዳል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ብዙ ገበሬ ማሳውን ለዲከረንስ ተክል ሰጥቶ ከከሰል ሽያጭ ሲተዳደር፣ ወጣቱም በቆረጣና በከሰል ማክሰል ሥራ እዚያው ሲውል ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተዛመተው የዝገት በሽታ ተክሉን እያደረቀ ያንን ገቢ መትቶታል። መሬቱም ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል እየጠበበ ሄዷል። በዚህ ላይ በክልሉ የቀጠለው የጸጥታ ችግር መንገድን ያስተጓጉላል። ስለዚህ ሰዎች ሥራ ወዳለበት ቦታ በነጻነት ይሂዱ ወይስ ይከልከሉ የሚለው ጥያቄ የሩቅ አገር ክርክር ሆኖ አይታለፍም።

የኢኮኖሚ መከራከሪያው በሰሊጥ ማሳ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ሲደርቅ ፍሬው ይከፈትና በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ ዘሩ መሬት ላይ ይራገፋል። የመተማና የቋራ አምራች ይህን ሥራ በአካባቢው ሰው ብቻ ሊወጣው አይችልም። በደጋው ደግሞ የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ ገብስና ስንዴው ገና ያልደረሰበት፣ ጉልበት የሚተርፍበት ወቅት ነው። ያው ክንድ ኮሶበር ቢቀመጥ ቀኑን በከንቱ ያሳልፋል፤ መተማ ቢደርስ ሊራገፍ የነበረ ምርት ያተርፋል። ከጦርነቱ በፊት ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞች ድንበር ተሻግረው ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚሄዱትም በዚሁ ምክንያት ነበር። ኢኮኖሚስቶች የሠራተኞችን ዝውውር ከንግድ ጋር የሚያመሳስሉት ለዚህ ነው፤ እህል ከሚበዛበት ወደሚጎድልበት ሲሄድ ገዢም ሻጭም እንደሚጠቀም ሁሉ ጉልበትም እንዲሁ ነው።

መንግሥታት ግን ለእህል የከፈቱትን በር ለሰው ሲዘጉ ይታያል። ኢትዮጵያም ሞክራዋለች። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ አገደ። ምክንያቱ በቂ ነበር፤ በዓረብ አገራት በቤት ሠራተኞች ላይ የሚደርሰው በደል እየከፋ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ሰነድ የላቸውም ያለቻቸውን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ሆኖም ፍላጎቱ እዚያው ስለነበረ እገዳው ጉዞውን አላስቆመም። ኤጀንሲው ሲዘጋ ደላላው ቀረ፤ በአውሮፕላን የነበረው ጉዞ በጅቡቲና በየመን በረሃ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 ወጥቶ ሕጋዊው መንገድ በአዲስ መልክ ተደነገገ፤ እገዳው ራሱ የተነሣው ግን በ2010 ዓ.ም. ነበር።

የዚህን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ለደላላ የሚሰጠው ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከበሬ ሽያጭ፣ ከብድርና መሬትን በወለድ አገድ ከመስጠት ነው። መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ሕገ መንግሥቱ ስለሚከለክል ገበሬው ከመጠቀም መብቱ በቀር የሚያስይዘው የለውም። ልጅቱ በረሃ ላይ ብትያዝ ወይም ባዶ እጇን ብትመለስ ቤተሰቡ ማሳውን ሳያርስ ዓመታት ይቀመጣል። በሩን መዝጋት አደጋውን ከመንግሥት ትከሻ አንሥቶ በገበሬው ቤት ላይ ያስቀምጠዋል።

በሩ ተከፈተ ማለትም ሁሉ ተስተካከለ ማለት አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚሠራበት ከፋላ የተባለው ሥርዓት የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ያስረዋል። ሠራተኛው ገብቷል፣ ግን መንቀሳቀስ አይችልም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ውሉን የጨረሰ ሠራተኛ ያለ ቀድሞው አሠሪ ፈቃድ ሌላ ሥራ እንዲይዝ ስትፈቅድ፣ በለውጡ የተጠቀሙት ሠራተኞች ገቢ ከ10 በመቶ በላይ ማደጉን ተመራማሪዎች አግኝተዋል። ተጨማሪ ሥልጠና አልተሰጣቸውም፤ የተጨመረው ነገር ትቶ የመሄድ መብት ብቻ ነበር። የቤት ሠራተኞች ግን በዚያ ለውጥ አልተካተቱም። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያደረገችው ማሻሻያም እነርሱን ትቷቸዋል። ከኢትዮጵያ የሚሄዱት ሴቶች በብዛት የሚሠሩት ደግሞ በዚሁ ዘርፍ ነው። አገሪቱ ከተቀባዮች ጋር ስትደራደር ከደመወዙ መጠን እኩል ይህን ነጥብ ማንሣት ይኖርባታል።

የሚላከው ገንዘብም የራሱ በር አለው። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የባንክ ምንዛሪ ከጥቁር ገበያው እጅግ ያነሰ ስለነበር ላቡን ያፈሰሰ ሠራተኛ በባንክ ሲልክ ይከስር ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ልዩነቱ ቢጠብም፣ ሠራተኛው ባንክን የሚመርጠው ልዩነቱ ተመልሶ እስካልሰፋ ድረስ ነው።

ከተቀባዩ ወገን የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ የመጣው ሰው የአካባቢውን ሰው ደመወዝ ያወርዳል። አሜሪካ ይህንኑ ሥጋት ይዛ ከ1942 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮ የእርሻ ሠራተኞችን በውል ያስገባ የነበረውን ብራሴሮ የተባለ ፕሮግራም ዘጋችው። የአገሬው ሠራተኛ ደመወዝ ያድጋል ተብሎ ነበር። በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ግን በሜክሲኮዎቹ ላይ ጥገኛ በነበሩት ግዛቶች የደመወዝ ዕድገቱ ከሌሎቹ አልተሻለም። ባለ እርሻዎቹ ወይ ማሽን ገዙ፣ ወይ ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ሰብል ቀነሱ። ይህ ማለት የሚጎዳ ሰው ፈጽሞ አይኖርም ማለት አይደለም። ያንኑ የቀን ሥራ የሚጠብቅ መሬት አልባ የአካባቢው ወጣት ፉክክሩ ሊሰማው ይችላል፤ ቅሬታውም ሊሰማ ይገባል። በሩን መዝጋት ግን ለእርሱም ያሰበውን አላመጣለትም።

ከኢኮኖሚው የሚከብደው ፖለቲካው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከመተከል የቀረበ ትምህርት የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነጻነት ይሰጠዋል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት ግን በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ይላቸዋል። ስለዚህ ከአዊ ሄዶ እዚያ የከበደ ገበሬ፣ የአገው ተወላጆች በመተከል ከጥንት ጀምረው የሚኖሩ ቢሆንም፣ መኖር ይፈቀድለታል፤ የባለቤትነት ስም ግን የለውም። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ በዚያ ክልል አንዳንድ ዕጩዎች የአካባቢውን ቋንቋ አትችሉም ተብለው ከውድድር ወጥተው፣ አቤቱታቸው እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ ነበር። ምክር ቤቱ የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ አማርኛን፣ ማወቅ ይበቃል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ስለ ዕጩነት ነበር፤ ማን እንግዳ ማን ባለቤት ነው የሚለው ክርክር አልቆመም።

የጉሙዝ ሕዝብ ሥጋት ከባዶ አልተነሣም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አምጥቶ በፓዌ አስፈረ። በአንድ ማሳ ጥቂት ዓመታት አርሶ ወደ ሌላው ለሚዛወረው የጉሙዝ ገበሬ ለማገገም የተተወው መሬት፣ ለባለሥልጣኑ ባዶ መሬት ነበር። ሰፋሪውም ነባሩም አልተጠየቁም። ይህን ነጻ ዝውውር ብሎ መጥራት ስሕተት ነው፤ ሰው በትእዛዝ ሲነዳና ሰው በፈቃዱ ሲሄድ የሚተዉት ቂም አንድ አይደለም።

ቂሙ በምን እንደተከፈለ የአዊ ሕዝብ ያውቃል። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከዳንጉር የተነሣው ግጭት ወደ ጃዊ ተሻግሮ በጉሙዝ ተወላጆች ላይ እልቂት አደረሰ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጅ ቀበሌ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ተገደሉ፤ ከመተከል የሸሹት ብዙዎች ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ ሰፈሩ። አንዱ አካባቢ ሌላውን የሚወቅስበት ብቻውን ንጹሕ መዝገብ የለም። ከመተከል የአዊን ሰው እንዲቀበል የሚጠብቅ ዞን ጃዊ ላይ ጉሙዙን፣ በጣና በለስ ስኳር ልማት ዙሪያ ደግሞ ከሌላ አካባቢ የሚመጣውን ሠራተኛ እንዴት እንደሚያኖር ይጠየቃል።

መፍትሔው የመሥራትን መብት ከመሬት ይገባኛል ጥያቄ መለየት ይመስላል። ወቅታዊ ሠራተኛ በጽሑፍ ውል ቢገባ፣ ደመወዙና መመለሻው ቢታወቅ፣ ከእርሻው የሚሰበሰበው ግብርም ለተቀባዩ ወረዳ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ቢውል፣ ነባሩ ነዋሪ መጤውን መሬት ነጣቂ አድርጎ የሚያይበት ምክንያት ይቀንሳል። ለረጅም ዘመን ለኖረው ደግሞ በቀበሌው ጉዳይ ድምፅ ይገባዋል። መታወቂያም ቀላል ነገር አይደለም። በየኬላው ብሔርን የሚናገረው የቀበሌ ወረቀት ሰው ለይቶ ለማስወረድ ሲያገለግል ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው ፋይዳ መታወቂያ ብሔር አይጽፍም። ኬላው ላይ የቆመው ጠባቂ ፋይዳን ብቻ አይቶ እንዲያሳልፍ፣ ሌላ ወረቀት እንዳይጠይቅ፣ አማራና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች በቻግኒና በግልገል በለስ መንገድ ላይ በጋራ ሊስማሙበት የሚችል ጉዳይ ነው።