ብርድ ነው ወይስ ብልሽት?

ባለፈው ክረምት በቤተሰባችን ላይ የደረሰውን ገጠመኝ ምክንያት በማድረግ ስለ አዲስ ኮምፒዩተር ብልሽትና ስለ ሻጮች የደንበኛ አገልግሎት ያለኝን አስተያየት ላቀርብ እወዳለሁ።

አባቴ በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ለአምስት ዓመት አሳድገው፣ አክስለው ከሸጡት ባገኙት ገንዘብ፣ ታናሽ እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራበት ላፕቶፕ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ መደብር ተገዛላት። ዕቃው በሐምሌ ዝናብ በአውቶቡስ ተጭኖ እንጅባራ ደረሰ። ይሁንና ሥራ በጀመረ በሃያ ደቂቃው በራሱ ጠፋ። ሲያርፍ ይነሣል፤ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይጠፋል።

እህቴ በአራተኛው ቀን ወደ መደብሩ ደወለች። የተሰጣት መልስ «እህቴ፣ የእናንተ አገር ብርድ ነው፤ እርጥበት ገብቶበት ይሆናል፤ ፀሐይ ላይ አድርጊው» የሚል ነበር። በሐምሌ ወር እንጅባራ ላይ ፀሐይ ከየት እንደሚገኝ ግን አልተነገራትም። ደግማ ስትደውል «ባለሙያው ወጥቷል፣ ነገ ደውዪ» ተባለች። ነገ በነገ እየተተካ ሦስት ሳምንት አለፈ።

የመደብሩ መልስ በሳይንስ ዓይን ሲመረመር አይጸናም። ቀዝቃዛ ዕቃ ሞቃትና እርጥብ አየር ወዳለበት ክፍል ሲገባ ጤዛ መቋጠሩ እርግጥ ነው። ስለሆነም ከጉዞ የደረሰ ኮምፒዩተር የክፍሉን ሙቀት እስኪላመድ ጥቂት ሰዓታት ሳይበራ ቢቆይ ይመረጣል። ነገር ግን ጤዛ የሚያሰጋው ዕቃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ሲሞቅ ይተንናል። የእኛ ኮምፒዩተር ግን በተቃራኒው ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲግል፣ ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ ከጉዳት ለመዳን ሥራውን ያቆማል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሙቀት የማንሣት አቅሙም በዚያው ልክ ያንሳል። ቢሆንም ብዙ አምራቾች ዕቃቸው እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሠራ በመመሪያቸው ስለሚገልጹ ከፍታውም ማመካኛ ሊሆን አይችልም።

በመጨረሻ አንድ የዳንግላ ጠጋኝ ከፍቶ ሲያየው የማራገቢያው መሰኪያ በሚገባ ሳይገጠም ቀርቷል። መሰኪያው ሲገባ ኮምፒዩተሩ ደኅና ሆነ። ይህንኑ ለመደብሩ ስንነግር «ከተከፈተ ዋስትናው ፈርሷል» ተባልን። «በስንት ደቂቃ ይጠፋል? የማራገቢያው ድምፅ ይሰማል?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች በመጀመሪያው ቀን ቢቀርቡ ኖሮ ጉድለቱን በስልክ መገመት ይቻል ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ከመደብሩ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖር ገዥ ግን እነዚህ ቀናት በ«ነገ ደውዪ» ያልቃሉ። በመሆኑም ገዥ ደረሰኙን ሊያስቀምጥ፣ ዕቃው በደረሰ ዕለት ለሁለት ሰዓት ያህል አብርቶ ሊፈትነው፣ አቤቱታውንም ቀን ጠቅሶ በጽሑፍ ሊያቀርብ ይገባዋል። ሻጭም በበኩሉ የብልሽቱን ምክንያት ከመናገሩ በፊት ምልክቱን ሊጠይቅ፣ የምርመራውንም ውጤት በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል። የሳይንስ ተማሪዎቻችንም ቢሆኑ በክረምት ወራት ለአካባቢው ሕዝብ እንዲህ ያለውን ምርመራ ቢያደርጉ ትምህርታቸውን በተግባር ያዩታል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኛ በሽታውን አልደበቅንም፤ ያጣነው ሰሚ ነው።