ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ የጭቃ ቤት፣ አንድ ደሴት



የአዲስ አበባ ጓደኝነት ምን ላይ እንደደረሰ ሁላችንም እናውቀዋለን። አብረውን የተማሩትን የምናገኛቸው ሠርግ ላይ ነው፤ ካልሆነም ለቅሶ ቤት። ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን «ኧረ እንገናኝ እንጂ!» እንባባላለን፤ የምንገናኘው ግን በሚቀጥለው ድንኳን ነው። ልጆቻችን ደግሞ ጭራሽ አይተዋወቁም። የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ አሮጌ ቤት እድሳት ነው። ስድስት ቤተሰቦች ሆነን ሁለት ዓመት የደከምንበት፣ ዝዋይ ሐይቅ መካከል ያለ የጭቃ ቤት። እግረ መንገዴንም ገንዘብና ጓደኝነት አንድ ጣሪያ ሥር ሲገቡ ምን እንደሚያስፈልግ ያየነውን አካፍላችኋለሁ።

ደሴቱና ቤቱ

ዛሬ ባቱ የምትባለው የዝዋይ ከተማ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አብዛኞቻችን የምናውቃት ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ስንወርድ አሳ በልተን የምናልፍባት ከተማ ሆና ነው። ሐይቁ ግን አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ በኦሮምኛ «ትልቁ ተራራ» ማለት ነው። ደብረ ጽዮን የሚል ስምም አለው። በትውፊት እንደሚነገረው በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ሸሽተው 70 ዓመት ያቆዩት እዚህ ነው።

የደሴቶቹ ሰዎች ዛዮች ናቸው። ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። አሳ ያጠምዳሉ፣ ይሸምናሉ፣ ቁልቁለቱን በድንጋይ እርከን አስረው ያርሳሉ። ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ ወደ ባቱና ወደ መቂ አካባቢ ወጥተው ሰፍረዋል፤ ስለዚህ ተዘግቶ የቀረ ቤት አለ።

ከነዚህ አንዱ የጓደኛችን አባት ቤት ነበር። ሦስት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። አባት ካረፉ በኋላ እናቱ ባቱ ልጃቸው ዘንድ ገቡና ቤቱ ስድስት ክረምት ያለ ሰው አሳለፈ። አንደኛው ግድግዳ ጎበጠ፣ ምስጥ ቋሚዎቹን ከሥር በላቸው። ዘመድ ተሰብስቦ «ቆርቆሮው ተነቅሎ ይሸጥ፤ ሌላው ወደ መሬቱ ይመለስ» ሲል ጓደኛችን ወሬውን ያመጣው ለእኛ ነበር። ያመጣውም፣ እንደተለመደው፣ ለቅሶ ቤት ነው።

በመጀመሪያ ወረቀቱ

«ገዝተን እንጠግነው» ያለ አልጠፋም። በአገራችን ግን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ መሬቱ ላይ የሠራው ቤት ግን ንብረቱ ነው። ስለዚህ ቤቱ የቤተሰቡ እንደሆነ ቀረ። እኛ የእድሳቱን ወጪ እንሸፍናለን፤ በምትኩ ለ10 ዓመት በየተራ እንጠቀምበታለን፤ እናትየው ግን በፈለጉ ጊዜ መጥተው ይቀመጣሉ፤ ተራ የላቸውም፣ ቀን አይቆጠርባቸውም። ይህን ሁሉ የጓደኛችን እህቶችም ባሉበት ጽፈን ተፈራረምን።

ከመካከላችን «ለጓደኛ ደግሞ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?» ብሎ ቅር ያለው ነበር። መልሱን የሰጡት እናትየው ናቸው። «ልጆቼ፣ እናንተማ ትዋደዳላችሁ፤ ልጆቻችሁ ሲጣሉ ምን ያነባሉ?» አሉ። ፈረመ።

ጭቃና ሲሚንቶ

የመጀመሪያው እቅዳችን የከተማ ሰው እቅድ ነበር፤ ግድግዳውን በሲሚንቶ ልስን ማሳመር። ለሥራው የያዝናቸው የደሴቱ አዛውንት ግን ገና ከጅምሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሲሚንቶና ጭቃ አይጋቡም» አሉን። እውነታቸውን ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም፣ እርጥበቱንም አያሳልፍም። ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተነስቶ ይወድቃል። በዚያ ላይ የአንዱ ከረጢት ክብደት 50 ኪሎ ነው፤ ከጀልባ ወርዶ በሰው ትከሻ ዳገት ይወጣል።

ስለዚህ በጭቃ ተሠራ። ጊዜው ከመኸር በኋላ መሆን ነበረበት፤ ዝናብ የለም፣ የጤፍ ጭድም እንደልብ ይገኛል። ጭድና አፈር ተቦክቶ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በየቀኑ በእግር እየተረገጠ ይሰነብታል። ጭዱ መበስበስ ሲጀምር ጭቃው እንደ ሊጥ ይለጠጣል። ሽታው ለአፍንጫ አይመችም። ልጆቻችን ግን እስከ ጉልበታቸው ገብተው ሲረግጡ የዋሉበትን ቀን እስከ ዛሬ ያወራሉ። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አያስደነግጥም። ሁለተኛው ስንጥቁን ይዞ ይጣበቃል።

የጭቃ ቤት የሚሞተው ከላይ በሚፈስና ከታች በሚጠጣው ውሃ ነው። ስለዚህ ዋናው ገንዘብ የወጣው ለሁለት ነገር ነው። የጣሪያውን ከፈፍ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አስወጣነው፤ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይደበድብ። ምስጥ የበላውን የቋሚዎቹን ግርጌ ቆርጠን ደግሞ በድንጋይ መሠረት ላይ አሳረፍናቸው፤ በቤቱ ዙሪያም የውሃ መውረጃ ቦይ ተቆፈረ። የአያት ቤት ያላችሁ አንባቢያን፣ ቀለምና ኮርኒስ ከማሰባችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን እዩ።

ሐይቁ የሚፈቅደውን ያህል

ደሴት ላይ ማንኛውም ዕቃ በጀልባ ስለሚሄድ ሰው ቶሎ ቆጣቢ ይሆናል። ከባቱ ወደብ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት የማያንስ መንገድ ነው። ዝዋይ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ ደግሞ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይናወጣል፤ ነፋሱ የሚበረታውም ከሰዓት በኋላ ነው። ሕጋችን ስለዚህ አጭር ነው። ጀልባ የሚነሳው በጠዋት ነው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ማንም አይሻገርም፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት ያላጠለቀ ልጅም አዋቂም አይሳፈርም። አንድ እሑድ ነፋሱ አስቀርቶን ሰኞ ከሥራ የቀረን ነበርን። ሰኞ ጠዋት ለአለቃ መደወል ከዚያ ማዕበል ይቀላል።

መብራቱ የፀሐይ ነው። 100 ዋት ፓነል ደህና ፀሐይ በዋለበት ቀን 500 ዋት ሰዓት ቢሰጥ ነው። አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት ሲበሩ 100 ዋት ሰዓት ይበላሉ፤ የቀረው ለስልክና ለደመናማ ቀን ይጠራቀማል። ፍሪጅ በዚህ ስሌት አይገባም፤ አልገባምም። አሳው በጠዋት ከአጥማጁ ይገዛል፣ በዕለቱ ይበላል።

ውሃው የጣሪያ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ እስከ 500 ሊትር ያወርዳል ማለት ነው። አሸንዳ ዘርግተን 2000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አስቀመጥን። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ውጭ ይለቀቃል። የሚጠጣው ውሃ ሁሉ ይፈላል። መጸዳጃ ጉድጓዱን ከሐይቁ ጠርዝ ከ30 ሜትር በላይ አርቀን ቆፈርነው።

ገንዘብ ጓደኛ ሲለይ

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በየወሩ እያንዳንዱ ቤተሰብ 1500 ብር ያዋጣ ነበር። በስምንተኛው ወር አንዱ ጓደኛችን ማዋጣት አቆመ፤ ስልክም አያነሳም፣ በሥራ ቀንም አይመጣም። ሁለት ወር ታገስን። በሦስተኛው «ሰልችቶታል፤ ስሙ ይሰረዝና የከፈለው ይመለስለት» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ወዳጅነት በአንድ ስብሰባ ሊዘጋ ደርሶ ነበር።

ያዳነን ከሚስቶቻችን አንዷ ናት። ማንንም ሳታማክር እንጀራና ወጥ ይዛ ቤቱ ሄደች። የሚሠራበት ድርጅት ክፍሉን ከዘጋው አራት ወር ሆኖታል። ለማንም አልነገረም። ስልክ የማያነሳው «መቼ ትከፍላለህ» እንዳይባል ነበር።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ተጨመረ። አንደኛ፣ የአንድ ቀን ሥራ እንደ መዋጮ ይቆጠራል፤ ድሮም ደቦ እንዲህ ነበር። ሁለተኛ፣ የተቸገረ ሰው ለገንዘብ ያዡ ብቻ ይነግራል፤ ገንዘብ ያዡ ለሌላው አይናገርም። ሦስተኛ፣ ማንም በመዋጮ ምክንያት አይሰረዝም። ጓደኛችን ሦስት ሳምንት ደሴቱ ላይ ሰነበተ። በሮቹንና መስኮቶቹን ከአዛውንቱ ጋር የሠራው እሱ ነው። አሁን ሥራ አግኝቷል፤ የቤቱ ቁልፍ ግን እስካሁን የሚቀመጠው እሱ ዘንድ ነው። ሁላችንም የተስማማንበት ነው።

እዚያ ምን ይሠራል?

«ደሴት ላይ ልጆች አይሰላቹም ወይ?» የሚለኝ ብዙ ነው። በመጀመሪያው ቀን ይሰላቻሉ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ይብራና ንስር አሳ መቁጠር ይጀምራሉ፤ ከሰዓት የጎረቤት ልጆች መጥተው ይወስዷቸዋል። ማታ አምፖሉ ሲጠፋ ሰማዩ ይቀራል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው የሰባት ዓመቱ ልጃችን «እነዚህ ሁሉ ኮከቦች የት ነበሩ?» ብሎ ጠይቋል።

እናትየው እድሳቱ ካለቀ በኋላ በጀልባ ተሻግረው ገቡ። ከመቀመጣቸው በፊት አዲሱ ቤት ውስጥ እሳት አነደዱ። ግድግዳው ጠቆረብን ብለን ስንሳቀቅ «ቤት ጭስ ካልሸተተው ምስጥ ይሸተዋል» አሉን። ከዚያ ቡና አፈሉ። አሁን ሲመጡ የልጅ ልጆቻቸውንም የእኛንም ልጆች ሰብስበው በዛይኛ ያስቆጥሯቸዋል። ጓደኛችን ራሱ ቋንቋውን ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ ልጁ ግን መናገር ጀምራለች። እነዚያ ዘመዶች ቆርቆሮውን ነቅለው ቢሆን ኖሮ ይህ አይኖርም ነበር።

ከመሄዳችሁ በፊት ልታውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ሐይቁ ከባህር ወለል በላይ 1640 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ወባ አለ፤ አጎበር ያስፈልጋል። በዝዋይ ዳርቻ ቢልሃርዚያም አለ፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ስለሚኖር ልጆች ዳር ላይ እየተንቦራጨቁ እንዳይውሉ። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ በዚያ ሰዓት ዳርቻው የእሱ ነው። የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሳት በፊት መጠየቅ ደግ ነው።

ለደሴቱ ሰዎችም የምናደርገው አለ። ለእነሱ የመኖሪያ ቀያቸው እንጂ መዝናኛ አይደለም። ስለዚህ ሠራተኛ ከዚያው እንይዛለን፤ አሳ፣ ጋቢና ነጠላ ከዚያው እንገዛለን። ድምፅ ማጉያ አንወስድም። ያመጣነውን ፕላስቲክ በሙሉ በጀልባው መልሰን እንወስዳለን።

እናንተስ? ከስድስት ቤተሰብ ውስጥ ቢያንስ የአንዱ አያት ቤት የሆነ ቦታ ተዘግቶ ይኖራል፤ ደሴት ባይሆን ገጠር፣ ወይም ትንሽ ከተማ። ጊዜው ገና ነው። ጭዱ ከመኸር በኋላ ነው የሚገኘው፤ እስከዚያ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ፤ ጣሪያውን የሚያይ ሰው ላኩ፤ ጓደኞቻችሁንም ድንኳን ሳይጠብቁ ቡና ጥሯቸው። በሚቀጥለው ወር፣ አንባቢያን ደጋግማችሁ በጠየቃችሁት መሠረት፣ የዝናብ ውሃን ከተማ ውስጥ ስለማጠራቀም እንጨዋወታለን።

እስከዚያው ቸር እንሰንብት።