ተሳፋሪዬን ሀይዌይ ላይ አውርጄ «ቤትህ ደርሰሃል» ልበለው?

ደለስ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ነኝ። ከፊቴ ገና ብዙ መኪና አለ፤ ስለዚህ ዛሬም ረዘም ያለች ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። የቸኮላችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ ተመለሱ።

ከሰሞኑ እናቴ ጋ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። እሁድ ዝግ፣ ሰኞ ዝግ፣ ማክሰኞም ዝግ። ስደተኛ የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል። ረቡዕ ማለዳ የቤቴ በር ሲንኳኳ መርዶ ይዘው የመጡ መስሎኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ዕቃ አድራሽ ነበር። ማታ ላይ ስልኩ ሠራ። «ምነው እማዬ?» ስላት «ምንም አልሆንኩ ልጄ፣ ባትሪው አልቆ ነው። ገበያ የሚወጣ ሰው ጠፍቶ» አለችኝ። ስልኳ ቻርጅ የሚደረገው የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቃ ካለችው ከተማ፣ ሱቅ ውስጥ፣ በብር ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ይሄ ነው፦ ከበለስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው የትልቁ ኮረንቲ ታወር ከጓሮዋ ይታያል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እናቴ ደግሞ ኮረንቲ በአጠገቧ እያለፈ በኩራዝ ታመሻለች።

«ባንዳ» ብላችሁ ኮሜንት ለመጻፍ ጣታችሁን ያሾላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። የህዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ያውም አንዴ ብቻ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል ጨፍሬያለሁ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ መኪናዬን ጥግ አስይዤ አልቅሻለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት በራሳችን ገንዘብ! ማንም አይወስድብኝም። ጸቤ ከግድቡ ጋር አይደለም። ጸቤ ግድቡ ሲያልቅ ሥራው ያለቀ ከመሰለን ከእኛ ጋር ነው። ፎቶውን ፕሮፋይላችን ላይ ለጥፈን «ኢትዮጵያ በራች» ብለን ተኝተናል።

እስኪ በሙያዬ ላስረዳችሁ። ተሳፋሪ ከኤርፖርት ይዤ ወጣሁ እንበል። ሀይዌይ ላይ፣ ከሰፈሩ መውጫ አጠገብ አቆምኩና «በል ውረድ፣ ከተማህ ገብተሃል» አልኩት። ይከፍለኛል? ፖሊስ ነው የሚጠራብኝ! ሰውየው የሚከፍለኝ ደጃፉ ላይ ሳወርደው ነው። የአገራችን የመብራት ቆጠራ ግን ለብዙ ዓመት ሀይዌይ ላይ እያወረደ ሒሳብ ሲቀበል ኖሯል።

እንዴት? እ.ኤ.አ. በ2005 የገጠር ኤሌክትሪክ ማዳረሻው ፕሮግራም ሲጀመር ሪፖርቱ «ይህን ያህል የገጠር ከተሞችና መንደሮች መብራት አገኙ» እያለ ነበር የሚወጣው። መስመሩ ከተማዋ ከገባ፣ አስፋልቱ ዳር ያሉት ሱቆችና ቢሮዎች ከበሩ፣ ከተማዋ «ያገኘች» ተብላ ትመዘገባለች። ከጀርባ ያሉት ቤቶች ግን ጨለማ ናቸው። በዚያ ዓይነት መዝገብ የእናቴ አካባቢ መብራት ካገኘ ቆይቷል። እናቴ ግን አላገኘችም። የሁለቱ ልዩነት ነው የዛሬው ርዕሴ።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ወጣ፣ በ2019 ተሻሻለ። እቅዱ በወረቀት ላይ መጥፎ አልነበረም፣ እውነቱን እንናገር። በ2025 ሕዝቡ በሙሉ መብራት ያገኛል፤ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከሶላርና ከመሳሰለው ይላል። 2025 መጣ፣ ሄደም። ግድቡ በዚያው ዓመት ተመረቀ። የዓለም ባንክን አኃዝ ብታዩ ግን ከ120 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና ነው። ለግድቡ ያጨበጨብነውን ያህል «የ2025ቱ ቀጠሮ የት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ ስንት ሰው አለ? እኔም አልጠየቅኩም፣ ራሴን ጨምሬ ነው የምወቅሰው።

አንዳንዱ «ታወሩ አጠገባቸው ካለ ለምን አይቀጥሉላቸውም?» ይላል። አይቀጠልም ወዳጄ። በዚያ ታወር ላይ የሚሄደው 400 ሺህ ቮልት ነው። መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ መውረድ አለበት። ከዚያ በ33 ሺህ ወይም በ15 ሺህ ቮልት መስመር ወደ ገጠሩ ይወጣል፣ መንደሩ ጋ ሲደርስ ትራንስፎርመር እንደገና ያወርደዋል፣ ከዚያ በምሰሶ በምሰሶ ተጉዞ ቆጣሪ ላይ 220 ሆኖ ይገባል። ግድቡ የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ነው። ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪ... እነዚህ ሪባን የሚቆረጥላቸው ነገሮች አይደሉም። ለትራንስፎርመር የዘፈነ ዘፋኝ አላውቅም! ስለዚህ ወደኋላ ይቀራሉ።

ወንድሜ ለእናቴ ቤት መብራት ሊጠይቅ አንድ ቢሮ ሄዶ ነበር። «ቤታችሁ ከመስመሩ ይርቃል፣ ምሰሶውን ራሳችሁ ግዙ፤ ትራንስፎርመሩም ሞልቷል» ተብሎ ተመለሰ። ዶላር የምልከው እኔ እንኳ ስሰማው ደነገጥኩ። ዶላር የሚልክለት ልጅ የሌለው ጎረቤትስ?

አሁን የምትሉትን አውቃለሁ። «አገሪቱ ዶላር ያስፈልጋታል፣ መብራት ለጂቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ መሸጡ፣ ለቢትኮይን ቆፋሪዎች መሸጡ ገቢ ነው፤ በዚያ ገቢ ነው ምሰሶው የሚተከለው።» ጥሩ ክርክር ነው፣ አልንቀውም። ትራንስፎርመርና ሽቦ ዶላር ይፈልጋል፣ ብርም ከተዳከመ በኋላ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ጦርነቱም መስመር በጥሷል፣ የታወር ብረት ፈትቶ የሚሸጥ ሌባም አለ። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ከሚገባው ከእያንዳንዱ ዶላር ስንት ሳንቲም ወደ ገጠር ምሰሶ ይሄዳል? በሕግ የተቆረጠ ድርሻ ካለ ይነገረን፣ እኔ የመጀመሪያው አጨብጫቢ እሆናለሁ። ከሌለ ግን የቢትኮይኑ ማሽን ከእናቴ ቀድሞ ወረፋ ገብቷል ማለት ነው። የታክሲ ሰው ደግሞ ወረፋ የሚዘል አይወድም!

ኬንያን እዩ። ከእኛ መብራት ትገዛለች፤ ከወላይታ ሶዶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይደርሳታል። ከሕዝቧ ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህል መብራት አለው። ከእኛ የበለጠ ስላመነጨች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረችው ፕሮግራም «ከትራንስፎርመር በ600 ሜትር ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ይገናኝ» አለች፣ የማስገቢያውን ክፍያ ከ35,000 ሽልንግ ወደ 15,000 አወረደች፣ እሱንም በየወሩ ቀስ እያለ እንዲከፈል ፈቀደች። ቀድማ የቆጠረችው ቤት ነው።

እዚህ ያለንበት አሜሪካስ? እ.ኤ.አ. በ1935 ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን ሲያቋቁም ከአሥር የገበሬ ቤት ዘጠኙ ያህል ጨለማ ነበር። የግል ኩባንያዎቹ «ገጠር አያዋጣም» ብለው ትተውት ነበር። መንግሥት ለገበሬዎች ማኅበራት በዝቅተኛ ወለድ አበደረ፣ ገበሬው ራሱ አባል ሆኖ መስመሩን ዘረጋ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከአሥሩ ዘጠኙ በራ። እነዚያ ማኅበራት እዚሁ ቨርጂኒያ ዛሬም መብራት ይሸጣሉ። ዕድርና ዕቁብ ላለው ሕዝብ፣ ደቦ ለሚያውቅ ገበሬ ይህ ይከብዳል?

ሶላሩንም አልረሳሁም። ራቅ ላለው ሰው ሶላር አምፖል ያበራል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ ሬዲዮ ያሰማል። ለእናቴ ዛሬ ቢደርሳት እልል እላለሁ። የእንጀራ ምጣድ ግን አያግልም፤ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት የሚበላ ጉድ ነው። ስለዚህ ትንሽ የሶላር ፋኖስ ሰጥቶ «መብራት ደርሷችኋል» ብሎ ከመዝገብ መሰረዝ ሌላ ሀይዌይ ላይ ማውረድ ነው። ጭሱ ዓይኗን እያጠፋው ያለች ሴት ወረፋዋ ላይ ትቆይ።

ለማጠቃለል። ከእንግዲህ ኤምባሲም ይጥራን፣ አዳራሽም ይጥራን፣ ቦንድ ግዙም ይበሉን፣ ሦስት ጥያቄ ይዘን እንሂድ። አንድ፦ በዚህ ዓመት በየወረዳው ስንት ቤት ቆጣሪ ገባለት? ከተማ አትቁጠሩልን፣ ቤት ቁጠሩ። ሁለት፦ ከውጭ ሽያጩ ለገጠር መስመር የተቆረጠው ድርሻ ስንት ነው? ሦስት፦ ደሃው የማስገቢያውን ክፍያ በየወሩ መክፈል የሚችለው ከመቼ ጀምሮ ነው? መልሱ ሜጋ ዋት ከሆነ ጥያቄው አልተመለሰም፣ እንደገና እንጠይቅ።

ግድቡን ስንሠራ «ይቻላል» ብለን ነበር፣ ተቻለም። ምሰሶ መትከል ዓባይን ከመገደብ አይከብድም። የሚጎድለው እንደ ግድቡ ሌት ተቀን የሚጨቀጭቅ ሰው ነው። እንጨቅጭቅ!

ወረፋዬ ደርሷል፣ ልሂድ። ተሳፋሪዬን ደጃፉ ድረስ አደርሳለሁ። የተቃወማችሁኝም ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ ስድብ ብቻ ይቅር። ማታ ሁሉንም አነባለሁ፤ የእኔ ስልክ ቻርጅ አለው።